ባለቤቴ ኮሎራዶ እንግባ ይላል፣ የፀጉር ላይሰንሴስ ምን ይሆናል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዓምዳችሁን ሁሌ አነባለሁ፣ ዛሬ ግን የራሴን ጭንቀት ይዤ መጣሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አገር ቤት እያለሁም ሥራዬ ፀጉር ነበር፣ እዚህ ስመጣ ግን ያ ሁሉ ልምድ ከቁጥር አልገባልኝም። ትምህርት ቤት ልግባ ብል ገንዘቡም ጊዜውም ስላልነበረኝ አንድ ሳሎን በአፕረንቲስነት ተመዝግቤ ሁለት ዓመት ፀጉር ሳጥብ፣ ወለል ስጠርግ፣ ስማር ቆይቼ፣ እንግሊዝኛው እያስለቀሰኝ ፈተናውን አልፌ የኮስሞቶሎጂ፣ ማለትም የፀጉርና የውበት ሥራ፣ ላይሰንሴን ካወጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አሁን ሳሎን ውስጥ ከሠራሁት ገቢ በፐርሰንት እየተከፈለኝ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ስሜን ጠርተው ነው ቀጠሮ የሚይዙት፣ ትንሽ ልጅ ሆና ሹሩባ የሠራኋት ዘንድሮ ለፕሮም፣ ለትምህርት ቤት የማጠቃለያ ድግሷ፣ መጥታ አሠራችኝ።

ባለቤቴ ትራክ ነው የሚነዳው። ባለፈው ከመንገድ ሲመለስ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ጠቅልለን ኮሎራዶ፣ አውሮራ እንገባለን አለኝ። እህቱ እዛ ናት፣ የራሷ ሳሎን አላት። እዚህ ቤት መግዛት ሕልም ሆኖብናል፣ በዚህ አልፈርድበትም። ግን ላይሰንሴስ ስለው «አዲስ ሕግ ወጥቷል እኮ፣ አሁን የትም ስቴት ይሠራል፣ ደግሞ ፀጉር የሌለበት አገር የለም» አለኝ። እህቱ ደግሞ ደውላ «ወረቀቱ እስኪመጣ እኔ ጋ ትሠሪያለሽ፣ ማን ያያል» አለችኝ። እኔ ደግሞ እንደዛ ሠርቼ አላውቅም፣ ይከብደኛል፣ እምቢ ብላት ደግሞ ኮራች ትለኛለች።

ሌላም ነገር አለ። ቨርጂኒያ ያሉ ሙሽሮች እቤት ድረስ መጥተሽ ሥሪን ይሉኛል፣ ጥሩ ብር ነው፣ ላይሰንሴ የሜሪላንድ ነው እያልኩ እመልሳቸዋለሁ። ባለቤቴ ያለው እውነት ከሆነ እስካሁን በከንቱ ነው የመለስኳቸው ማለት ነው። ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። እንደገና ከዜሮ ልጀምር ነው? ስነግረው «መሄድ ስላልፈለግሽ ነው» ይለኛል፣ እኔ ደግሞ አልፈልግም አላልኩም። ምከሩኝ እባካችሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

---

ውድ እህቴ፣ ሰላምሽ ይብዛ።

በመጀመሪያ ያንን እንቅልፍ የነሳሽን ጥያቄ ልመልስልሽ፣ ከዜሮ አትጀምሪም። ፈተናውን ያለፍሽ፣ ስድስት ዓመት ያለ ችግር የሠራሽ ባለሙያ ነሽ፣ ይሄን ማንም ስቴት እንዳልነበረ አያደርገውም። ግን ደግሞ ባለቤትሽ እንዳለው ላይሰንስሽ ሻንጣ ውስጥ ተከቶ ኮሎራዶ ሲደርስ እዛው ሥራ የሚጀምር ነገርም አይደለም። በሁለቱ መሃል የወረቀት ሥራ አለ፣ እሱን ደግሞ አብዛኛውን ከቤትሽ ሳትወጪ አሁን መጀመር ትችያለሽ።

ፍርሃትሽ ገብቶኛል። አንዴ ሁሉን ጥሎ ከታች የጀመረ ሰው ሁለተኛ ጀምር ሲባል ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ይሄ ስንፍናም አይደለም ባልን መቃወምም አይደለም። እስቲ አንድ ነገር ራስሽን ጠይቂ፣ የማትፈልጊው መሄዱን ነው ወይስ ሙያሽን ጥለሽ መሄዱን ነው? ደብዳቤሽ ላይ ያየሁት ሁለተኛውን ነው። እሱ ግን የሚሰማው የመጀመሪያውን ይመስለኛል፣ ለዛ ነው ወሬው ሁሌ ጭቅጭቅ ላይ የሚያርፈው።

አሁን ወደ ሕጉ እንሂድ፣ ምክንያቱም ባለቤትሽ ከሜዳ አንስቶ አልነገረሽም፣ የሰማው ነገር አለ። ኮስሞቶሎጂ ላይሰንሸር ኮምፓክት የሚባል በስቴቶች መሃል የተደረገ ስምምነት አለ። ያረቀቀው ካውንስል ኦፍ ስቴት ገቨርንመንትስ የሚባለው የስቴቶች ምክር ቤት ከመከላከያ ሚኒስቴሩ ጋር ሆኖ ነው። መከላከያ በፀጉር ሥራ ምን አገባው ትይኝ ይሆናል፣ የወታደር ሚስቶች ናቸው ምክንያቱ። ባሎቻቸው በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ከቤዝ ቤዝ ሲዘዋወሩ እነሱ በየሄዱበት ላይሰንስ እንደገና ማውጣት ስለሚሰለቻቸው ሙያቸውን ይተዉት ነበር። አየሽ፣ ያንቺ ጭንቀት ያንቺ ብቻ አይደለም፣ ባሏን ተከትላ ስቴት የምትቀይር ባለሙያ ሁሉ ያለፈችበት ነው። ስምምነቱ ሥራ ላይ እንዲውል ሰባት ስቴቶች ሕግ አድርገው ማፅደቅ ነበረባቸው፣ እሱ 2024 ላይ ሞላ። ሜሪላንድ ገብታለች፣ ቨርጂኒያ ገብታለች፣ ኮሎራዶም ገብታለች፣ ኦሃዮ፣ ቴነሲ፣ አሪዞና፣ ኬንተኪ፣ አላባማም አሉበት። ስለዚህ ያንቺን ጉዳይ የሚነኩት ሦስቱም ስቴቶች ውስጡ ናቸው፣ ይሄ ደስ የሚል ዜና ነው።

ግን ሕጉ ፀደቀ ማለት በኪስሽ ያለው ላይሰንስ ተቀየረ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። አሁን ያለሽ የሜሪላንድ ላይሰንስ ነው፣ የሚሠራው ሜሪላንድ ውስጥ ብቻ ነው። ኮምፓክቱ የሚሰጠው ሌላ ላይሰንስ ነው፣ መልቲስቴት ላይሰንስ ይባላል፣ ለብቻው ማመልከቻ ይገባበታል፣ ይከፈልበታል። እሱን ለማግኘት ነዋሪ የሆንሽበት ስቴት የሰጠሽ፣ ጊዜው ያላለፈበት፣ ቅጣት ወይም እገዳ የሌለበት የኮስሞቶሎጂ ላይሰንስ ያስፈልግሻል፣ አንቺ ደግሞ ይሄ አለሽ። ስቴቶቹ ከፈረሙ በኋላ መጀመሪያ የጋራ ኮሚሽን ማቋቋም፣ ደንብ ማውጣት፣ ሁሉም የሚያዩት የጋራ ዳታ ሲስተም መሥራት ስለነበረባቸው በሕጉና በላይሰንሱ መሃል ጊዜ አለ። ስለዚህ ለሜሪላንድ የኮስሞቶሎጂስቶች ቦርድ ኢሜይል ፃፊና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፣ የመልቲስቴት ላይሰንስ ማመልከቻ ተከፍቷል ወይስ አልተከፈተም በይ። ቦርዱ ሌበር ዲፓርትመንት ሥር ነው ያለው። በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ እንዲመልሱልሽ አድርጊ፣ በኋላ ይጠቅምሻል።

ከዚህ የሚቀጥለውን ነገር ለባለቤትሽ በሱ ቋንቋ ንገሪው፣ ወዲያው ይገባዋል። እሱ ሲዲኤል፣ የትራክ መንጃ ፈቃድ፣ አለው አይደል? በሜሪላንድ ሲዲኤል ቴክሳስም ኦሃዮም ይነዳል፣ ማንም አያስቆመውም። ኗሪነቱን ወደ ኮሎራዶ ሲቀይር ግን በ30 ቀን ውስጥ የኮሎራዶ ሲዲኤል ማውጣት ግዴታው ነው፣ የሜሪላንዱን ይዞ ዓመት መንዳት አይችልም። የመልቲስቴት ላይሰንስም እንደዛው ነው። ከቤትሽ ስቴት ተነስተሽ ሌላ አባል ስቴት ሄደሽ ሠርተሽ ለመመለስ ያገለግላል፣ ጠቅልለሽ ከገባሽ ግን አዲሱ ስቴት ቤትሽ ስለሚሆን እዛ እንደገና እንዲሰጥሽ ወዲያው ማመልከት አለብሽ። መልቲስቴት የሚያዘው በአንድ ጊዜ ከአንድ ስቴት ብቻ ነው፣ እሱም ከምትኖሪበት። ስለዚህ ኮምፓክቱ ይበልጥ የሚጠቅምሽ ለኮሎራዶው ጉዞ ሳይሆን ለቨርጂኒያዎቹ ሙሽሮች ነው። ይሄን ባለቤትሽም እህቱም የሚያውቁት አይመስለኝም።

ታዲያ ለኮሎራዶ ምን ይሻላል? ኮምፓክቱን ሳትጠብቂ የድሮውን መንገድ ጀምሪ። ኢንዶርስመንት ይባላል፣ ሌላ ስቴት ላይሰንስ ያለው ሰው ያንን አሳይቶ የኮሎራዶን እንዲያገኝ የሚያስችል ማመልከቻ ነው። የሚቀበልሽ ዶራ የሚባለው፣ የሙያ ላይሰንስ የሚቆጣጠረው የኮሎራዶ መሥሪያ ቤት ነው፣ ኦንላይን ነው የሚሞላው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብለሽ ትሞይዋለሽ። የሚጠይቁሽ ዋናው ነገር የሜሪላንድ ላይሰንስሽ ንጹሕ መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ነው፣ እሱን ደግሞ ፎቶ ኮፒ አድርገሽ የምትልኪው ሳይሆን ከሜሪላንድ ቦርድ በቀጥታ እንዲላክ የምታዢው ነው። ዛሬውኑ ላይሰንስሽ መቼ እንደሚያልቅ ተመልከቺ። የሜሪላንድ በየሁለት ዓመቱ ነው የሚታደሰው። በጉዞው መሃል የሚያልቅ ከሆነ ልሄድ ነው ምን ያደርግልኛል ብለሽ እንዳትተዪው፣ አድሺው። የሚቀበልሽ ስቴት የሚያየው ሕያው ላይሰንስ ነው፣ የሞተ ላይሰንስ ማስነሳት ከሁሉም የባሰ ጣጣ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፣ እሱም በአፕረንቲስነት መማርሽ ነው። በጭራሽ አታፍሪበት፣ ሜሪላንድ ወይ 1,500 ሰዓት ትምህርት ቤት ግቢ ወይ 24 ወር በሳሎን ተማሪ ነው የምትለው፣ ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው፣ ፈተናውም ያው ነው። ችግሩ ሌላ ስቴት ሲሄድ የሚመጣ ነው፣ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ቁጥር አለው። ኒውዮርክ 1,000 ሰዓት ይበቃል ትላለች፣ ሚኒሶታ 1,550 ትላለች፣ ካሊፎርኒያ ለብዙ ጊዜ 1,600 ስትጠይቅ ቆይታ 2022 ላይ ወደ 1,000 አወረደችው። ፀጉሩ ያው ፀጉር፣ ሪላክሰሩ ያው ሪላክሰር፣ ሰው ግን ስቴት ቁጥር ስለቀየረ ብቻ ተመልሶ ክፍል ሲገባ አይቻለሁ፣ ለኔ ይሄ ፍትሕ የለውም፣ በተለይ እንዳንቺ እጇ አሥር ዓመት ለሠራ ሰው። ሆኖም አሁን እሱን መለወጥ ስለማንችል ወረቀትሽን ማጠናከር ነው። ያስተማረችሽ ባለሳሎን አሁንም እዛው ካለች ሄደሽ አግኚያት። አፕረንቲስ የሆንሽበትን ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራሽ፣ ምን ምን እንደተማርሽ፣ ቀለም፣ ቁርጥ፣ ኬሚካል፣ የፅዳት ሥራ ሁሉ ዘርዝራ ከላይሰንስ ቁጥሯ ጋር ፈርማ ትስጥሽ። ቦርዱ ጋ ያለውንም የአፕረንቲስ መዝገብሽን ኮፒ ጠይቂ። ሳሎን ይዘጋል፣ ሰው አገር ቤት ይገባል፣ ያኔ ፈራሚ መፈለግ አበሳ ነው። ከዛ በተጨማሪ የስድስት ዓመቱን ታክስና ደብሊው ቱ ወይ ቴን ናይንቲ ናይን የሚባሉትን የገቢ ወረቀቶች አንድ ፋይል ውስጥ አድርጊ፣ የሰዓት ጥያቄ ቢነሳ የሥራ ልምድሽ የሚከራከርልሽ በሱ ነው።

የስም ነገርም አለ፣ ለኛ ሰው ትልቅ ጣጣ ነው። ላይሰንስሽ ላይ ያለው የአባትሽ ስም ስፔሊንግ ግሪን ካርድሽ ወይም ፓስፖርትሽ ላይ ካለው በአንድ ፊደል እንኳ ከተለየ አሁኑኑ አስተካክዪው። አንዱ ላይ አያትሽ ላስት ኔም ሆኖ ሌላው ላይ አባትሽ ላስት ኔም ከሆነ ሁለት ሰው ነሽ ተብለሽ ማመልከቻሽ ወር ሙሉ ሊቆም ይችላል። ሲትዝንሺፕ ስታወጪ ስም ቀይረሽ ከሆነም እንደዛው።

ወደ ቨርጂኒያ ሙሽሮች ልምጣልሽ። እስካሁን መመለስሽ ልክ ነበር፣ አትቆጪ። ግን እዚህ ውስጥ አንድ ያላወቅሽው የተከፈተ በር አለ። ቨርጂኒያ ሹሩባን ከላይሰንስ ነፃ ያደረገችው 2012 ላይ ነው። ኬሚካል ሳይነካ፣ ሳይቆረጥ፣ ፀጉር መጎንጎንና ዊግ ፀጉር ጨምሮ መሥራት ላይሰንስ አይጠየቅበትም። ስለዚህ አንዲት ሙሽራ ለመልስ አልባሶ ሥሪልኝ ካለችሽ በሕጉ በኩል የሚያስፈራሽ የለም፣ ሂጂና ሥሪላት። የሠርጉ ቀን ግን ፀጉሯ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተነስቶ የሚሠራ ስታይል ከሆነ ያ የኮስሞቶሎጂ ሥራ ነው፣ የቨርጂኒያ ላይሰንስ ወይም መልቲስቴቱን ይፈልጋል። አንዳንዶቹ ጓደኞችሽ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው ነው የሚሠሩት፣ አንቺ ለይተሽ ቀጠሮ ያዢ። በጉዞው ላይ ገና ካልተስማማችሁና አንድ ሁለት ዓመት እዚሁ የምትቆዩ ከሆነ ደግሞ የቨርጂኒያን ላይሰንስ በቀጥታ ብታወጪው ይከፍልሻል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ቨርጂኒያ ከ2023 ሐምሌ ጀምሮ በሌላ ስቴት ላይሰንስ ሦስት ዓመትና ከዛ በላይ ለያዘ ሰው የምትቀበልበት ሕግ አላት፣ አንቺ ስድስት አለሽ። እቤት ሄዶ ስለመሥራት ግን ለብቻው ጠይቂ፣ ላይሰንስ ኖሮሽም ከሳሎን ውጪ መሥራት የየስቴቱ ደንብ የተለያየ ነው፣ መልቲስቴቱም ከዚህ አያድንሽም፣ የሠራሽበት ስቴት ደንብ ነው የሚገዛሽ።

አሁን ከባዱን እናንሳ፣ ባለቤትሽን። «ፀጉር የሌለበት አገር የለም» ሲልሽ እንዴት እንደሚያም ይገባኛል። እሱ ምናልባት ሊያፅናናሽ ፈልጎ ይሆናል፣ አንቺ ግን የሰማሽው ስድስት ዓመት የገነባሁትን ሰው እንደ ቀላል አየው ብለሽ ነው። አንቺ ፀጉር ብቻ አይደለም የምትጥዪው፣ ስምሽን ጠርተው የሚመጡትን ሰዎች ነው። ይሄን ለሱ በነዚህ ቃላት ነግረሽው ታውቂያለሽ? ወይስ ሁሌ ስለ ላይሰንስ ብቻ ነው የምታወሩት? አንዳንዴ ወረቀት የምንለው ነገር ሌላ ሐዘን ይሸፍናል። ፕሮም የሠራሻትን ልጅ ንገሪው። ሹፌር ሰው ደግሞ ብቻውን ረጅም መንገድ ስለሚውል ብዙ ነገር ራሱ ወስኖ ነው የሚመጣው፣ መንገድ ላይ ሳለ በስልክ አታንሺበት፣ ተመልሶ፣ ተኝቶ ተነስቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ልጆቹ ሌላ ክፍል ሆነው ይሁን።

ስትነጋገሩ በስሜት ብቻ ሳይሆን በቁጥርም ግቢ። በወር ስንት ታስገቢያለሽ ከነ ቲፑ? ያ ገንዘብ ሦስት ወር ቢቋረጥ የአውሮራውን ኪራይ ማን ይሸፍናል? ከሁሉም በላይ ደግሞ እሱ የሚፈልገው ቤት ነው አይደል፣ ቤት ደግሞ በሱ ደሞዝ ብቻ ነው ወይስ በሁለታችሁ የምትገዙት? በፐርሰንት ለሚሠራ ሰው ባንኮች ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመት የገቢ ታሪክ ነው የሚያዩት፣ ስለዚህ ያንቺ ሥራ መሃል ላይ ከተቆረጠ ወይም ደረሰኝ የሌለው ከሆነ ቤቱ ራሱ ነው የሚርቀው። ይሄን ካየ ላይሰንስሽን እንደ ሰበብ ሳይሆን እንደ ቤቱ መሠረት ያየዋል ብዬ አምናለሁ። ከዛ አማራጮቹን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ማመልከቻውን በዚህ ወር አስገብተሽ የኮሎራዶ ላይሰንስሽ ሲወጣ መሄድ አንዱ ነው፣ ለኔ እሱ ነው ልቤን የሚሞላው። እሱ ቀድሞ ሄዶ ቤት እያየ አንቺና ልጆቹ ወረቀቱ እስኪደርስ እዚሁ መቆየት ሁለተኛው ነው፣ ግን የሱ ሥራ መንገድ ስለሆነ ብቻሽን ልጆች ይዘሽ መቆየቱን ትችዪዋለሽ ወይ፣ ያንን አንቺ ታውቂዋለሽ። ሦስተኛው ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ሁላችሁም ሄዳችሁ ከዛ መጠበቅ ነው፣ ይሄን ከመረጣችሁ ቢያንስ የሦስት አራት ወር ወጪ ተለይቶ ይቀመጥ። ከመወሰንሽ በፊት ግን ለጥቂት ቀን ሄደሽ አውሮራን እያት፣ ሃቫና ስትሪት አካባቢ ያሉትን የኛን ሰዎች ሳሎኖች ግቢና ተሠሪ፣ በፐርሰንት ስንት እንደሚከፍሉ፣ ደንበኛው በብዛት ምን እንደሚሠራ ጠይቂ። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ፀጉር ይሰባበርብናል ብለው ሲያማርሩ ትሰሚ ይሆናል፣ እንዳንቺ ፀጉር መንከባከብ ለምታውቅ ሰው እዛ ቦታ አለ።

የመጨረሻው የባለቤትሽ እህት ጉዳይ ነው። ክፋት አስባ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ፣ ወንድሟ ቶሎ እንዲመጣላት ፈልጋ ነው። ግን ያለ ኮሎራዶ ላይሰንስ ኮስሞቶሎጂ እንዳትሠሪ፣ አንድ ቀንም ቢሆን። እስካሁን ሁሉንም በር የሚከፍትልሽ ላይሰንስሽ ንጹሕ መሆኑ ነው። አንድ ደንበኛ ፀጉሬ ተቃጠለ ብላ ብትከስ ወይ አንድ ሰው ቢጠቁም የሚቀጣው ያንቺ ስም ብቻ ሳይሆን የሷም ሳሎን ነው፣ ያ ቅጣት ደግሞ መዝገብ ላይ ከገባ መልቲስቴቱንም ኢንዶርስመንቱንም ያበላሽብሻል፣ ኮምፓክቱ ውስጥ ያሉ ስቴቶች የዲሲፕሊን መረጃ ስለሚለዋወጡ ሌላ ስቴት ሄጄ እጀምራለሁ ማለትም አይቻልም። ሁለት ወር ለማትረፍ ብለሽ ስድስት ዓመቱን አታስይዥ።

እምቢ ስትያት ግን ባዶ እጅሽን አትሁኚ። ኮሎራዶም እንደ ቨርጂኒያ ሹሩባን ከላይሰንስ ነፃ አድርጋዋለች፣ ስለዚህ ወረቀትሽ እስኪመጣ ሳሎኗ ውስጥ ሹሩባ ብቻ ልትሠሪ ትችያለሽ፣ ከመጀመርሽ በፊት ዶራን በኢሜይል ጠይቀሽ በጽሑፍ መልስ ያዢ። ከዛ ውጪ ቀጠሮ መያዝ፣ ሶሻል ሚዲያዋን ማሳመር፣ ደንበኞቿን መላመድ ትችያለሽ። ኮራች እንዳትልሽ አንቺ ቀድመሽ ደውዪላት፣ ባለቤትሽ በመሃል ሆኖ እንዲያስረዳልሽ አትጠብቂ፣ በሰው አፍ ሲደርስ ሌላ ነገር ይሆናል። እንዲህ በያት፣ «እህቴ ስላሰብሽልኝ አመሰግናለሁ፣ ሳሎንሽ በኔ ምክንያት ችግር ቢደርስበት ራሴን ይቅር ስለማልል ወረቀቴ እስኪመጣ ሹሩባውን ልያዝልሽ፣ ኢንዶርስመንቱን ዛሬ ጀምሬዋለሁ፣ አንቺ ስታወጪ ዶራ ምን ምን ጠይቆሽ ነበር?»